የሮማውያን ቀይ ሸክላ በወጥ ቤታችን፦ የተገዛው፣ የተፈተነውና የተመለሰው

ስለ ዕቃ ስጽፍ ዋጋውን አስቀድማለሁ፤ ገዢ መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው እሱን ነውና። ባለ ጌጥ ጎድጓዳ ሳህን 95 ዩሮ፣ ዝርግ ሳህን 42 ዩሮ፣ እጀታ የሌለው ዋንጫ 28 ዩሮ፣ ቅመም የሚደቆስበት ባለ አንበሳ ራስ ሳህን 130 ዩሮ። ሁሉም በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ ከራይን ወንዝ ማዶ፣ አንድ ሸክላ ሠሪ በእጁ የሚሠራቸው የሮማውያን ቀይ ሸክላ ቅጂዎች ናቸው። እኔ በካርልስሩኸ ከተማ የአገራችን ምግብ የሚቀርብበት ትንሽ ምግብ ቤት የወጥ ቤት ኃላፊ ነኝ። ዕቃ በየቀኑ በሚጋጭበት፣ በሚታጠብበትና በሚሰበርበት ቤት ይህን ያህል ገንዘብ ለሸክላ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎ ነው። ነገር ግን ለሁሉም ዓይነት ዕቃ አይደለም፤ ከማንኛውም ሻጭም አይደለም።

ይህን ሸክላ የሙያው ሰዎች ቴራ ሲጊላታ ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻው ምዕተ ዓመት በጣሊያን አሬዞ ከተማ የነበሩ ሠሪዎች በቀይ ልባሱ ስም አወጡ። ሥራው ከዚያ ወደ ጎል ማለትም ወደ ዛሬዋ ፈረንሳይ ተሻገረ፤ ቆይቶም የሮማ ጦር ወደሰፈረበት ወደ ራይን ዳርቻ ቀረበ። ከእኛ ከተማ ብዙም የማትርቀው ራይንዛበርን በሁለተኛውና በሦስተኛው ምዕተ ዓመት ታበርኔ ትባል ነበር፤ የዚህ ሸክላ ታላቅ ማምረቻም ነበረች። ዛሬ በዚሁ ሸክላ ስም የተሰየመ ሙዚየም አላት። ከ1901 እስከ 1914 እ.ኤ.አ. እዚያ የቆፈረው ቪልሄልም ሉዶቪቺ የጣሪያ ሸክላ አምራች ነበር። ጭቃ እንጀራው የሆነ ሰው የእነዚያን የጥንት ሠሪዎች ሥራ ከመሬት ማውጣቱ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ያየውን ያውቅ ነበርና።

የዕቃው ዋጋ ሁሉ ያለው በገጹ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሲያየው በመስታወት ልባስ የተቀባ ይመስለዋል፤ አይደለም። ሠሪው ብረት የበዛበትን አፈር በብዙ ውኃ ይበጠብጠዋል፣ ያስተኛዋል፣ አሸዋውና ሻካራው ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ብቻ ይወስዳል። ያንኑ ደግሞ ያስተኛዋል። በመጨረሻ የሚቀረው በጣም የደቀቀ የአፈር ውኃ ነው። የደረቀው ሳህን በዚህ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል። የአፈሩ ቅንጣቶች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ እሳት ሲያገኛቸው እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ብርሃንም ይመልሳሉ። ማብረቅረቁ የአፈሩ የራሱ ነው ማለት ነው። ቀለሙና ወዙ ፀሐይ ላይ የደረቀ የማረቆ በርበሬ ቆዳ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ አላገኘሁለትም። ጣት ሲያርፍበት አይንሸራተትም፣ አይሻክርምም። የፋብሪካ ሳህን ለብዙ ዓመት ለነካ እጅ ይህ ልዩነት ወዲያውኑ ይታወቃል።

ስለዚህ ቅጂ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ደንበኛችን ከአንድ ሙዚየም የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ የተገዛ ጎድጓዳ ሳህን በስጦታ አምጥቶልኝ ነበር። ለሰጪው ልብ ምስጋናዬ ትልቅ ነው፤ ስለ ዕቃው ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ተራ ሸክላ በቀይ ቀለም ተቀብቶ ላዩ በወፍራም መስታወት ተለብጧል። ጌጡ ውስጥ የነበሩት ጥንቸሎችና ውሾች በመስታወቱ ሰምጠው ጆሮና እግራቸው አይለይም። በዚያ ላይ ሥሩ የጥንት ሠሪ ስም ማኅተም ተደርጎበታል፤ የዛሬው ሠሪ ስምም ሆነ ዓመተ ምሕረት የለበትም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ የጥንቱን ሥራ ያሳንሰዋል፤ ገዢውም የጥንት ሰዎች ዕቃ እንዲህ ደብዛዛ ነበር ብሎ ይሄዳል። የእኔ ሸክላ ሠሪ በሮማዊው ስም ምትክ የራሱን ስምና የሠራበትን ዓመት በዚያው ቦታ ያትማል። ትክክሉ ይህ ነው።

ማዘዙ ራሱ ደስ ያሰኛል፤ የሚታዘዘው በቁጥር ነውና። ሃንስ ድራገንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር በ1895 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ዕቃዎች ቅርጾች መድቦ ቁጥር ሰጣቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሙያው ሰው ሁሉ በእነዚያ ቁጥሮች ይግባባል። ባለ ጌጡ ጎድጓዳ ሳህን 37 ነው፤ እንደ ሾጣጣ የተገለበጠው ዋንጫ 33፣ ዝርጉ ሳህን 32፣ ባለ አንበሳ ራሱ መደቆሻ 45። እኔ የመረጥኳቸው አራቱም በራይንዛበርን ይሠሩ የነበሩ ናቸው።

37ቱን አንሥቼ ልንገራችሁ፤ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አሠራሩን ያየሁት በሠሪው ቤት ነው። መጀመሪያ ከሸክላ ወፍራም ቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ ገና ሳይደርቅ በውስጡ ግድግዳ ላይ በትናንሽ ማኅተሞች ምስሎችን ይወጋል፦ አንበሳ፣ ሚዳቋ፣ ጋሻ የያዘ ታጋይ፣ ቅጠል። ከላይ በኩል የእንቁላል ቅርጽ የተደረደረበት ጠባብ መቀነት ይዞራል። ቅርጽ ማውጫው ይተኮሳል። ከዚያ በመንኮራኩር ላይ አስቀምጦ ጭቃውን ከውስጥ በጣቱ እየተጫነ ወደ ጌጡ ያስገባዋል፤ ጠርዙን ወደ ላይ ይስባል። ጭቃው ሲደርቅ ስለሚሸሽ ሳህኑ በራሱ ከቅርጽ ማውጫው ይላቀቃል። የታችኛው የእግር ቀለበት ይጨመርለታል። ይህ ሰው ማኅተሞቹን ራሱ ይቀርጻል እንጂ ከሙዚየም ዕቃ ላይ በጎማ አይገለብጥም፤ የአንበሳው ጋማ ጥርት ብሎ የወጣው ለዚህ ነው።

ለወጥ ቤት ሰው ዋናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ጌጡ በሙሉ በውጭ ነው፤ ውስጡ ልስልስ ነው። ወጥ የሚያዝበት ስርጉድ፣ ማንኪያ የሚያቆም ጉብታ የለም። በእንጀራ ሲጠረግ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ጌጡን የሚያየው ትይዩ የተቀመጠው እንግዳ ነው፤ እንጀራ የሚጠቀልለው ሰው እጅ ግን አይደናቀፍም። ይህን ያሰቡት ሰዎች ከሳህኑ የሚበሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስጠቀምበት ይህ ይታወቀኛል፣ አከብራቸዋለሁም።

ስለ እሳቱም ጥቂት ልበል። አገር ቤት ጀበና ሲጠቁር ያየ ሰው ጭስ ሸክላን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የቀዩ ሸክላ ሠሪዎች ጭንቀት የዚያ ተቃራኒ ነበር፤ ጭስ ዕቃውን እንዳይነካው። ስለዚህ በእቶኑ ውስጥ የሸክላ ቧንቧዎችን አቁመው ነበልባሉና ጭሱ በቧንቧው ውስጥ አልፎ እንዲወጣ አደረጉ፤ ዕቃዎቹ በንጹሕ አየር ውስጥ በ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሙቀት ይበስላሉ። አየር ያገኘ ብረት ይቀላል። የእኔ ሸክላ ሠሪ የሚተኩሰው በኤሌክትሪክ እቶን ነው፤ ይህን አልሸሸገኝም። በእንጨት የተተኮሰ የሚሻ ሰው በዓመት አንዴ ብቻ የሚያወጣው ስላለ፣ ከፍ ባለ ዋጋ፣ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። የእንጨቱ በቀለም ይለዋወጣል፣ ውበትም አለው፤ ለምግብ ቤት ግን የኤሌክትሪኩን እመርጣለሁ፤ ቀለሙ ከሳህን ሳህን አይለያይምና።

ቀለሙ አይለያይ እንጂ መጠኑ ይለያያል፤ ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዝርግ ሳህኖቹን ስንደራርባቸው ክምሩ ይጋደላል። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ በጥቂት ሚሊሜትር ይሰፋሉ፣ የእግራቸው ቀለበትም እኩል አይደለም። አንድ ሰው በእጁ ሲሠራ ይህ ይቅር የሚባል ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ሮማውያን ግን አልፈቀዱትም። በደቡብ ፈረንሳይ በሚዮ ከተማ አጠገብ፣ ላ ግሮፈሰንክ በሚባለው ስፍራ፣ ሸክላ ሠሪዎች በአንድ እቶን ዕቃቸውን አብረው ይተኩሱ ነበር። የማን ስንት ዕቃ እንደገባ በሳህን ላይ እየጫሩ መዝግበውታል፤ ከላቲን ጋር የጎል ቋንቋ ቃላት የተቀላቀሉባቸው እነዚያ ዝርዝሮች እስከ ዛሬ አሉ። በአንድ ጊዜ ተኩስ ወደ 30,000 የሚጠጋ ዕቃ የተመዘገበባቸው አሉ። ያን ያህል ዕቃ በአንድ እቶን የሚደረደረው፣ በጋሪና በመርከብ የሚጫነው፣ ሳህኑ ከሳህኑ ጋር በልክ ሲገጥም ነው። ፖምፔይ ውስጥ በ1881 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ ሣጥን ተገኝቷል፤ ከዚያው ከደቡብ ጎል የመጡ 90 ባለ ጌጥ ጎድጓዳ ሳህኖች ከመብራቶች ጋር ታሽገው ነበር። ሣጥኑ ሳይራገፍ በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ አመድ ደረሰበት። አዲስ ሳህን የታዘዘለት ወጥ ቤት ሣጥን ሲገባ ምን ዓይነት ደስታ እንዳለ ስለማውቅ ያ ሣጥን በጣም ያሳዝነኛል።

ወደ እኛ ቤት ልመለስ። ከሁሉ አስቀድሜ የፈራሁት እድፉን ነበር፤ ምግባችን እርድና በርበሬ፣ ንጥር ቅቤም የበዛበት ነው። መስታወት ያልተለበሰ ሸክላ ቅቤ ይጠጣል፤ ለዚህ አይደለም ወይ አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር የምናሟሸው? ይህ ልባስ ግን ማሟሸት አልፈለገም። የዶሮ ወጥ በ37ቱ አቅርበን፣ አልጫ ክክ በ32ቱ አሳድረን ስናጥበው በለብ ያለ ውኃና በስፖንጅ ለቀቀ። እርዱ የቀረው ልባሱ በሳሳበት ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በእግሩ ቀለበት ዙሪያ ነው። ሠሪው ሳህኑን ሲነክር የሚይዘው በእግሩ ስለሆነ የጣቱ አሻራ እዚያ ይቀራል። በጥንቶቹም ላይ እንዲሁ የጣት ምልክት ይታያል። በቢላ ከተቆረጠበት ደግሞ ጭረቱ አይድንም። እኛ በእጅ ስለምንበላ ይህ አላስቸገረንም፤ ጥብስ በቢላ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ግን በነጩ ሳህን እንሰጠዋለን።

እቃ ማጠቢያ ማሽን ክልክል ነው። ማይክሮዌቭም እንዲሁ። ሽቦ ፈጽሞ አይቅረበው። ከታጠበ በኋላ ሥሩ በደንብ ሳይደርቅ ከተደራረበ ያልተለበሰው ክፍል ውኃ ይዞ ሽታ ያመጣል፤ ስለዚህ በመደርደሪያ ላይ ተገልብጦ ማደር አለበት። ይህ ለወጥ ቤቱ ተጨማሪ ሥራ ነው። ከእኔ ጋር የሚሠሩት መጀመሪያ አጉረምርመው ነበር፤ መብታቸውም ነው። ስለ ጤና ለሚጠይቁኝ፦ መስታወት ስለሌለው እርሳስ ያለበት ልባስ የለም፤ ሠሪውም የምግብ ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጥ የላቦራቶሪ ወረቀት አሳይቶኛል። ከሌላ ሠሪ የምትገዙ ከሆነ ይህን ወረቀት ሳታዩ አትክፈሉ።

32ቱ ሙሉ እንጀራ አይዘረጋበትም፤ ትንሽ ነው። ለአይብ፣ ለጎመን፣ ለአዚፋ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ነጩ አይብ በቀዩ ላይ ሲቀመጥ ምንም ማስጌጫ አይፈልግም። ጥቁር አረንጓዴው ጎመንም ያምርበታል። ቀይ ወጥ ግን በዝርጉ ላይ ይጠፋል፤ ቀይ በቀይ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ ጥላ ስላለ ያን ያህል አይታይም።

ዋንጫውን በሚመለከት አንድ ምክር አለኝ፦ ቡና አትቅዱበት። እጀታ የለውም፣ ግድግዳው ስስ ነው፤ ትኩስ ነገር ጣት ያቃጥላል። ሮማውያን የሚጠጡበት ወይን ነበር። ጠጅ ቅዱበት። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ስለሚጠብ የጠጁ መዓዛ በአፍንጫ ይገባል፤ ቀዝቃዛነቱም ሳይወጣ ይቆያል። ጠርዙ ከከንፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታ በጣም የተዋጣ ነው፤ አልተቀጠነም፣ አልወፈረም። ከአራቱ አንዱን ብቻ ግዙ ብባል ዋንጫውን ግዙ እላለሁ። 28 ዩሮው ያላስቆጨኝ ዕቃ ይኸው ነው። ሠሪው ከመተኮሱ በፊት ከሥሩ ስም በነጻ ይጭራል። በየሮማ ጦር ሰፈሩ ከተገኙት ዕቃዎች ብዙዎቹ ላይ የባለቤቶቻቸው ስም ተጭሮ ይገኛልና እኔም የሠራተኞቻችንን ስም በፊደላችን ጽፌ ላክሁለት። ፊደሉን አያውቀውም፤ ሆኖም አንዲት ጭረት ሳያጎድል ጽፎታል። ሠራተኞቹ ከዚያ ወዲህ የየራሳቸውን ዋንጫ ራሳቸው ያጥባሉ።

አሁን ያልተደሰትኩበትን ሳልሸፋፍን ልናገር። ከዝርግ ሳህኖቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ ልባሱ ተላጠ። ገና ብዙ ሳንጠቀምበት ነው። ይህ የሚሆነው ልባሱና ገላው ሲደርቁ እኩል ሳይሸሹ ሲቀሩ ነው፤ በዓይን ሳይታይ ያልፋል፣ በኋላ ቅርፊት ሆኖ ይነሣል። ቅርፊቱ ምግብ ውስጥ ስለሚገባ ለምግብ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ሠሪው ሳይከራከር ሌላ ላከልኝ፤ የተበላሸውን የመለስኩበትን የፖስታ ክፍያ ግን ከኪሴ አስወጣኝ። 42 ዩሮ የተከፈለበት ሳህን በሠሪው ጥፋት ሲመለስ የመላኪያው ወጪ የሠሪው መሆን አለበት። ነግሬዋለሁ፤ አሁንም እጠብቃለሁ። ዕቃው የሚደርስበትም ጊዜ ረጅም ነው፤ በበዓል አደርሳለሁ ብሎ የሚያዝ ሰው ወራት ቀደም ብሎ ይዘዝ። አስተሻሸጉ ግን ምስጋና ይገባዋል፤ በገለባና በወረቀት ተጠቅልሎ መጥቶ አንድም አልተሰነጠቀም።

የቀረው 45ቱ ነው፤ በእሱ ጉዳይ ገና እየተነጋገርን ነው። ውስጡ ላይ ከመተኮሱ በፊት የድንጋይ ፍርፋሪ ስለተጣበቀበት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ ሲታሽበት ይደቅቃል። ዳጣ አዘጋጅተንበታል፤ በማሽን ከተፈጨው ይልቅ የቃሪያው ጣዕም ሕያው ነው፣ ውኃም አያበዛም። አዲስ ሲሆን በደረቅ ጨው አሽታችሁ ጨውን ጣሉት፤ ያልያዘ ፍርፋሪ ካለ አብሮ ይወጣል። ችግሩ የአንበሳው አፍ ነው። ማፍሰሻው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ውኃና ዘይት ያሳልፋል እንጂ ዳጣ ይዘጋዋል፤ በማንኪያ ማውጣት ግድ ሆነ። በ130 ዩሮ የተገዛ አንበሳ አፉን መክፈት አለበት ብዬ ጽፌለታለሁ። ከመጸው ተኩስ ጀምሮ ቀዳዳውን በእርሳስ ውፍረት ልክ እንደሚያሰፋው መልሶልኛል፤ በዚያ ልክ የሚሠሩ ሁለት አዝዣለሁ። 45ቱን የምትፈልጉ እስከዚያ ብትቆዩ ይሻላል፤ ዋንጫውንና 37ቱን ግን ዛሬም ማዘዝ ትችላላችሁ።